የአስፕሪንን ቦታ ማን ይተካል?

እንደምን ናችሁ፣ አድማጮቼ። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ (ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ የሚመረትበት ሕመም) ወይም ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም የሚያረጋው ሴል፣ ከልክ በላይ የሚመረትበት የደም ሕመም ያለበት ሰው «ደሜ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኬን አስፕሪን ከምውጥ ተፈጥሯዊ ነገር ብወስድስ?» ቢል አልፈርድበትም። ጨጓራ የሚያቃጥል ክኒን በየቀኑ መዋጥ ያሰለቻል።

ግን አስፕሪን የሚሠራውን ልብ በሉ። ፕሌትሌት ውስጥ ኮክስ-1 የሚባል፣ ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዲያያዙ የሚረዳ ኢንዛይም አለ። አስፕሪን አሴቲል የተባለውን ክፍሉን ለጥፎበት ይዘጋዋል። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው የተዘጋውን አይተካም፤ እስኪሞት፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋ ይቆያል። በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም የሚበቃው ለዚህ ነው። የአኻያ ቅርፊት ሳሊሲን አለው፤ ያ አሴቲል ግን የለውም። ሕመም ያስታግስ ይሆናል፣ ፕሌትሌትን እንደ አስፕሪን አያስርም።

የዓሣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ጊንኮ የተባለው ዕፅስ? ላቦራቶሪ ውስጥ የፕሌትሌትን መያያዝ ሲቀንሱ ታይተዋል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አስፕሪን ላይ ሲደረቡ ለመድማት ያጋልጣሉ፣ ብቻቸውን ሲወሰዱ ደግሞ መርጋትን እንደሚከላከሉ ማስረጃ የለም። አስፕሪን ግን አለው። በ2004 የታተመው ኤክላፕ የተባለ ጥናት 518 የፖሊሳይቴሚያ ሕመምተኞችን ይዞ ነበር፤ በቀን 100 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ ሀርት አታክ፣ ስትሮክ፣ ከባድ የደም መርጋትና ከልብና ደም ሥር የመጣ ሞት ተደምረው ሲታዩ በ60 በመቶ ቀንሰዋል።

ስለዚህ አስፕሪኑ ካስቸገራችሁ ችግሩን ለይታችሁ ለደም ሐኪማችሁ ንገሩ። ጨጓራ ከሆነ የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) ምርመራና የጨጓራ መከላከያ መድኃኒት አለ። አለርጂ ከሆነ ክሎፒዶግሬል የተባለው ሌላ የፕሌትሌት መድኃኒት ሊታሰብ ይችላል። ፕሌትሌታችሁ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1 ሚሊዮን ካለፈ ደግሞ አስፕሪኑ ራሱ ሊያደማ ይችላል፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው የቮን ቪልብራንድ ፕሮቲን ምርመራ ይጠየቅ። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን የምትውጡም አላችሁ፤ ቀድሞ ከተዋጠ ኢንዛይሙን ይዞ አስፕሪኑን ያስቀረዋል። አስፕሪኑን አስቀድማችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆዩ፤ አይቡፕሮፌኑ ከቀደመ 8 ሰዓት ጠብቁ።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር ልጨምር፣ አይረን (የብረት ማዕድን) ነው። ፖሊሳይቴሚያ ያለበት ሰው ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ከ45 በመቶ በታች እንዲሆን ደም ይቀዳለታል። አይረን ያለበት መልቲቫይታሚን ከጎን ሲወስድ የተቀዳው ደም ቶሎ ይተካል፣ ሄማቶክሪቱም መልሶ ይወጣል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ብልቃጦቹን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት።