ከጎተራው ስር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከልቤ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ እሱን ብቻዬን ላውራችሁ።

ባለፈው መስከረም ከጓደኞቼ ጋር ጣሊያን ሄድን። አብሮ አደጎች ነን፤ አሁን ግን አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ለንደን፣ ሌላዋ ስቶክሆልም ተበታትነናል። ባል ወይም ሚስት ያለውም ይዞ መጣና 12 ሆንን። ሆቴል አልያዝንም። ቪላ ሳራቼኖ የሚባል ቤት ተከራየን። ከቪቼንዛ ከተማ በስተደቡብ፣ እርሻ መሃል ያለ ቤት ነው። ንድፉን በ1540ዎቹ ያወጣው አንድሬያ ፓላዲዮ የተባለ ስመ ጥር ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው። ዓመቱን የምጠራላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አሁን የያዘው ላንድማርክ ትረስት የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ በ1989 ገዝቶ አደሰው። 16 ሰው ያስተኛል።

ፓላዲዮ ሲባል ቤተ መንግሥት ጠብቄ ነበር። ሰውዬው ግን ሥራ የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ነው። ቤቱም የእርሻ ቤት ነው። ግድግዳው እብነ በረድ ሳይሆን ልስን የተለሰነ ጡብ ነው። ፊት ለፊት ባለ ሦስት ቅስት በረንዳ አለው፤ ወደሱ በደረጃ ይወጣል። ቀና ስትሉ ከጣሪያው ስር ትናንሽ መስኮቶች ይታያሉ። እዚያ ጎተራ ነበር። ጌታው ከታች ይኖራል፣ እህሉ ከራሱ በላይ ይቀመጣል። ይህን ስሰማ ቤቱ ወዲያው ቀረበኝ። አያቴም ማታ ማታ ጎተራዋን ሳታይ አትተኛም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሳቅና ጨዋታ ብቻ ነበሩ። አንዱ ሽሮ ይዞ መጥቷል፣ አንዷ ጀበና። የአካባቢውን ፖሌንታ ስንቀምስ ሁላችንም ባንድ አፍ «ገንፎ!» አልን። የበቆሎ ገንፎ ነው በቃ፤ ቅቤና በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ውሃ ጠምቶኝ ተነሳሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ገደማ ነው። የበረንዳው በር ገርበብ ብሏል። የስቶክሆልሟ ጓደኛችን ጋቢዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ ሁሌም በዚህ ሰዓት ነው የምነቃው» አለችኝ። ሁሌም!

እናቷ ካረፉ ዓመት አልፏል። ያኔ ወረቀቷ ገና ስላላለቀ ለቀብር አገር ቤት መግባት አልቻለችም። ፈቃዱ የመጣው ከአርባው በኋላ ነው። እኛም ለቅሶ የደረስነው በስልክ ነው። አልቅሰን፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን ዘጋን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ በየሳምንቱ «ደህና ነኝ» ትለኛለች። እኔም አምኜ ቆይቻለሁ። ስልክ ፊትን እያሳየ እንቅልፍ ማጣትን ይደብቃል። አንድ ጣሪያ ስር ባናድር ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር።

ያን ሌሊት ብዙም አላወራንም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጋቢውን ለሁለት ለበስነው። ከእርሻው እርጥብ አፈር ይሸታል። ሲነጋጋ፣ «ቤት ውስጥ አልቅሼ አላውቅም፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ» አለችኝ።

በማግስቱ ቬኒስ ለመሄድ ተነጋግረን ነበር። አንድም ሰው አልሄደም። ማንም ምንም ሳይል ሁሉም ቀረ። የለንደኗ ልጅ ከመንደሩ ሱቅ ሽንብራና ስንዴ ገዝታ መጣች። ምን ልትሠራ እንደሆነ ስናይ ዝም አልን። ንፍሮ ቀቀለች። ወንዶቹ ከትልቁ አዳራሽ ወንበሮቹን አውጥተው በረንዳው ላይ ዙሪያውን ደረደሩ። ቡናው ተፈላ። የስቶክሆልሟ ልጅ መሃል ተቀመጠች፣ እኛም በየተራ እያቀፍናት አለቀስን። እንደ አገር ቤት፣ ድምፅ አውጥተን። ጎረቤት የለም፤ የሚሰማን እርሻው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ላይ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። በርበሬ ሲያስፈጩ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደው ካልቆሙ ማንንም እንደማያምኑ። ልጅ ሆነን ቤታቸው ስንሄድ ጫማችንን በር ላይ አስወልቀው እግራችንን ራሳቸው እንደሚያጥቡን። ይሄንን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንዱ፣ «እኔንማ በጆሮዬ ጎትተው ነው ያጠቡኝ» አለ። ሳቀች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና የቀረውን ንፍሮ በላችው።