32ቱ የቤትሆቨን ሶናታዎች፦ የትኛውን ሙሉ ቅጂ እንያዝ?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታዎች፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት ክፍል ያላቸው ለፒያኖ ብቻ የተጻፉ ሥራዎች፣ 32 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ1796 ታተሙ፣ የመጨረሻው በ1822 ተጻፈ። ሁሉንም ለማዳመጥ እንደ ተጫዋቹ ፍጥነት 10 ወይም 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ፒያኒስት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቀረጸበትን ሙሉ ስብስብ መያዝ የፈለገ ሰው ከየትኛው ይጀምር? የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው።

ብሩክ፦ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምንጠራ ይታወቅልን። እና ሄለን፣ ከስሞቹ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። ሰው ቅጂ ሲመርጥ ቀድሞ የሚከፍተው "የጨረቃ ብርሃን"ን ነው፣ ወይም "ፓቴቲክ"ን። ስህተቱ እዚያ ይጀምራል። ጆሮው እነሱን ለምዷቸዋል፤ ስለዚህ ከለመደው ጋር የሚመሳሰለውን ይመርጥና "ጥሩ ነው" ይላል። ስለ ቀሩት 30 ሶናታዎች ግን ምንም አላወቀም።

ሄለን፦ ታዲያ በምን ይፈተን?

ብሩክ፦ ስም ባልወጣላቸው! ኦፐስ 54ን ውሰጂ፤ ኦፐስ የሥራው የኅትመት ቁጥር ነው። "ቫልድሽታይን" እና "አፓሲዮናታ" በሚባሉት በሁለት ግዙፎች መሀል የተቀመጠች፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት ትንሽ ሶናታ ናት። መጀመሪያ የረጋ የሚኑዌት፣ የጥንት ዳንስ፣ ዜማ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱም እጆች በኦክታቭ፣ ማለትም አንድን ኖታ ከስምንተኛው አቻው ጋር አብረው እየመቱ፣ እየተከታተሉ እንደ ዱላ ይወርዱበታል። ዜማው እየተመለሰ በመጣ ቁጥር ጌጡ እየበዛ ይሄዳል። ፒያኒስቱ ይህን ለውጥ ካላሰማሽ፣ ትንንሾቹን ሶናታዎች የስብስቡን ሳጥን ለመሙላት ብቻ እንደቀረጻቸው ቁጠሪው።

ሄለን፦ እኔ ደግሞ ኦፐስ 10 ቁጥር 3 ላይ ያለውን ሁለተኛ ክፍል እጨምራለሁ፣ "ላርጎ ኤ ሜስቶ" የተባለውን። የለቅሶ ሙዚቃ ነው። እዚያ ላይ ዝምታውን ማዳመጥ ነው። ኖታ የሌለበት ቦታ ላይ ተጫዋቹ ይቸኩላል ወይስ ይታገሣል? ዝምታው ሲያጥር ሐዘኑም አብሮ ይጠፋል።

ብሩክ፦ ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዋን ሶናታ፣ ኦፐስ 2 ቁጥር 1ን ይክፈትና የመጀመሪያዎቹን 8 ባሮች፣ ምት የሚቆጠርባቸውን ትንንሽ መደቦች፣ ብቻ ይስማ። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ዜማው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ሐረጎቹ እያጠሩ ይመጣሉ፣ ሰባተኛው ባር ላይ ይጮኻል፤ ወዲያው ድምፁ ዝቅ ይልና ስምንተኛው ላይ ይቆማል። ቤትሆቨን ይህን በየቦታው ያደርገዋል፤ ድምፁን እያጎላ፣ እያጎላ ይወስድሽና ጫፉ ላይ ልትደርሺ ስትይ በድንገት ዝቅ ያደርገዋል። ለእጅ ከባድ ነው። እጅ በተፈጥሮው የጀመረውን መጨረስ ይፈልጋል። ብዙ ተጫዋቾች ከጫፉ ትንሽ ቀደም ብለው ድምፁን መቀነስ ይጀምራሉ፤ ያኔ ድንገቱ ይጠፋል።

ሄለን፦ እሺ፣ ወደ ስሞቹ እንግባ። ከአርቱር ሽናብል እንጀምር፤ 32ቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው እሱ ነው። ከ1932 እስከ 1935 ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ያኔ ቀረጻው በሸክላ ነበር፤ አንዱ ገጽ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። አንዱ ክፍል ተቆራርጦ ይቀረጽ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምንሰማው ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው ነው።

ብሩክ፦ ሽናብል ላይ ሰው የሚደነግጠው በስህተቶቹ ነው። "ሐመርክላቪር"ን፣ ኦፐስ 106ን ስሚ። ከ32ቱ ቤትሆቨን ራሱ የሜትሮኖም፣ ማለትም የፍጥነት መለኪያ፣ ቁጥር የጻፈለት ብቸኛው ሶናታ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በደቂቃ 138 ምት ይላል። በጣም ፈጣን ነው። ብዙዎች "ሊሆን አይችልም" ብለው ያዘገዩታል። ሽናብል ቁጥሩን አመነና ገባበት፤ ወደ 9 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ኖታ ይስታል፣ እጁ ይወላከፋል። ግን ሙዚቃው ምን ያህል እብደት እንዳለው የሚገባሽ ያኔ ነው።

ሄለን፦ ኤሚል ጊሌልስ ያንኑ ክፍል ከ12 ደቂቃ በላይ ነው የሚወስድበት። እያንዳንዱ ኖታ ቦታው ላይ ነው፣ ድምፁ እንደ ነሐስ ይከብዳል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ ሥራ አይመስለውም። እኔ የጊሌልስን "ሐመርክላቪር" ለብቻው ማንም ሰው እንዲይዘው እመክራለሁ፤ በተለይ ለሦስተኛው፣ ለዝግተኛው ክፍል። ግን የሱን ሳጥን እንደ ሙሉ ስብስብ የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ። በ1985 ሲሞት አምስት ሶናታዎች ቀርተውት ነበር፦ 1ኛው፣ 9ኛው፣ 22ኛው፣ 24ኛው እና የመጨረሻው 32ኛው።

ብሩክ፦ 22ኛው ያቺ ኦፐስ 54 ናት! ፒያኒስቱ ቪልሄልም ባክሃውስም እንዲሁ ነው። በስቴሪዮ፣ በሁለት የድምፅ መስመር፣ ሲቀርጽ ቆይቶ "ሐመርክላቪር" ላይ ሳይደርስ በ1969 ሞተ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የቀድሞዋ የሞኖ፣ የአንድ መስመር፣ ቅጂ ናት። አሮጌ ሳጥን ስትገዙ የትራኮቹን ዝርዝር በኦፐስ ቁጥር እየቆጠራችሁ አረጋግጡ።

ሄለን፦ ሽናብል ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የሸክላው ጭረት ድምፅ እንዳይሰማ ብለው አጥብቀው ያጣሩት ቅጂ አለ፤ ጭረቱ ሲጸዳ የፒያኖውም ቀለም አብሮ ይጸዳል፣ ድምፁ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጭረቱ በትንሹ የቀረበትን ምረጡ። አምስት ደቂቃ ካዳመጣችሁ በኋላ ጆሮ ጭረቱን ራሱ ይተወዋል። የጠፋ ቀለም ግን አይመለስም። ደግሞ የሞኖ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ራስ መሀል የተሰካ ይመስላል፤ በድምፅ ማጉያ ስሙት።

ብሩክ፦ ለመጀመሪያ ስብስብ ግን ሽናብልን አልመክርም።

ሄለን፦ እኔም። ብዙ ሰው ቪልሄልም ኬምፕፍን ነው የሚመክረው፣ የ1964 እና 65ቱን የስቴሪዮ ቅጂ። ስምንት ሲዲ ነው። የግጥም ሰው ነው፤ ድምፁ ቀላል፣ ንጹሕ፣ እንደሚያወራ ሰው። ኦፐስ 90ን በሱ እጅ መስማት መታደል ነው።

ብሩክ፦ ስምንት ሲዲ ላይ የገባበት አንዱ ምክንያት ግን ቤትሆቨን ይደገሙ ብሎ የጻፋቸውን ድግግሞሾች እየዘለለ ስለሆነ ነው። ደግሞ "አፓሲዮናታ" ላይ ጉልበት ሲያስፈልግ ጉልበቱ የለም። ማዕበሉን በመስኮት እያየሽው ነው እንጂ ውስጡ አይደለሽም። ማዕበሉን የፈለገ አኒ ፊሸርን ይያዝ። ሀንጋሪያዊት ናት፣ ቡዳፔስት ውስጥ ከ1977 ጀምሮ ቀርጻው፣ አልረካሁም ብላ በሕይወት እያለች እንዲወጣ አልፈቀደችም። የወጣው በ1995 ከሞተች በኋላ ነው። ፒያኖው በጣም ቀርቦ ነው የተቀረጸው፣ ድምፁ ይወጋል፤ ስለዚህ ድምፁን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። በአንድ ቀን ከሁለት ሶናታ በላይ አይቻልም።

ሄለን፦ ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ማን?

ብሩክ፦ ሪቻርድ ጉድ። አሜሪካዊ ነው፣ ስብስቡ በ1993 ወጣ፣ አሥር ሲዲ። ድግግሞሽ ያከብራል፣ ድንገቱን ይጠብቃል፣ ኦፐስ 54 ላይ እንኳን ሙሉ ልቡን ይሰጣል። በአንዳቸው ላይ ከሁሉ የሚልቅ ላይሆን ይችላል፤ በ32ቱ ውስጥ ግን ተዘናግቶ ያለፈው የለም። መጀመሪያ የሚያዝ ስብስብ እንዲህ መሆን አለበት፣ ቤት ውስጥ አብረሽው የምትኖሪው ነውና።

ሄለን፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ሁለተኛው ምርጫ በፎርቴፒያኖ፣ በጥንቱ ፒያኖ፣ ይሁን እላለሁ። ሮናልድ ብራውቲጋም ቫልተርና ግራፍ የተባሉት የቤትሆቨን ዘመን ፒያኖ ሠሪዎች የሠሯቸውን አስመስሎ ፖል ማክነልቲ በሠራቸው መሣሪያዎች ነው የቀረጻቸው። መዶሻዎቹ ቆዳ የለበሱ ናቸው፣ ቁልፉ ለጣት ቀላል ነው፣ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። "የጨረቃ ብርሃን" የመጀመሪያ ክፍል ላይ ቤትሆቨን ሙሉውን ያለ ማፈኛ ተጫወቱ ብሎ ጽፏል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ይቆይ ማለት ነው። በዛሬ ፒያኖ ድምፁ ስለማይሞት ኮርዶቹ፣ አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደፋ ይጨማለቃል። በፎርቴፒያኖ ግን የቀደመው ኮርድ ደብዝዞ እንደ ጭጋግ ከኋላ ይቀራል። የጻፈው ለዚያ ነው።

ብሩክ፦ አንድራሽ ሺፍ በዛሬ ፒያኖ ሞክሮታል፤ ፔዳሉን ይዞ ፍጥነቱን በመጨመር። ብዙ ሰው ፈጠነብኝ ይላል፤ ግን ቤትሆቨን የጻፈው በሁለት ምት የሚቆጠር አድርጎ ነው።

ሄለን፦ "ቫልድሽታይን" መጨረሻ ላይ ያለውስ? በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ በኦክታቭ ቁልፎቹን እየጠረጉ መንሸራተት የሚል አለ። በጥንቱ ፒያኖ ጣት ሸርተት ይላል። በዛሬው ቁልፉ ከባድና ጥልቅ ስለሆነ ቆዳ ይልጣል፤ ብዙዎች በሁለት እጅ ይከፋፈሉታል፣ ወይም በእጅ አንጓ ይመቱታል። ምን እያደረጉ እንደሆነ በጆሮ ይለያል። ሲንሸራተት ሐር ይመስላል፣ ሲመታ ዶቃ ይመስላል።

ብሩክ፦ ፍሪድሪክ ጉልዳን ሳንጠቅስ አንለፍ። የ1967ቱ ቅጂ ነው፣ ዘጠኝ ሲዲ። ፈጣን፣ ደረቅ፣ ምቱ የማይዛነፍ። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ኬምፕፍ ያስተኛኛል የሚል ሰው በሱ ይነቃል።

ሄለን፦ በስልክ ለሚያዳምጡ ደግሞ ጥቂት ነገር። መተግበሪያው ላይ ትራክን ከትራክ የሚያደራርበውን ቅንብር አጥፉ፤ ያለ ክፍተት የሚያጫውተውን አብሩ። "አፓሲዮናታ" ውስጥ ሁለተኛው ክፍል ሳይቆም ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ከገባ በሩ ሲበረገድ የነበረው ድንጋጤ ይጠፋል። ድምፅን እኩል የሚያደርገውንም አጥፉ፤ ካልሆነ በአልበም ደረጃ ይሁን። በየትራኩ እኩል ካደረገው ዝግተኛው ክፍል ከፈጣኑ እኩል ይጮኻል።

ብሩክ፦ ዳታ ለሚቆጥር ሰው፣ በ320 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 144 ሜጋባይት ነው። 11 ሰዓቱ 1.6 ጊጋባይት ገደማ። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ማውረድ ነው። ስትፈልጉም በቅጽል ስም ሳይሆን በኦፐስ ቁጥርና በፒያኒስቱ ስም ፈልጉ፤ አለዚያ "ለእንቅልፍ የሚሆን ፒያኖ" በሚል ድብልቅ ውስጥ ትገባላችሁ።

ሄለን፦ ሁለት ሦስት ስብስብ መሀል ለተወዛገበ ሰው አንድ መጨረሻ ፈተና ብትሰጠው የቱን ትሰጠዋለህ?

ብሩክ፦ ኦፐስ 110፣ የመጨረሻው ክፍል። የሐዘኑ ዜማ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ተሰባብሮ፣ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚመጣው። እሱ ሲያልቅ የጂ ሜጀር ኮርድ ብቻ አሥር ጊዜ ይደጋገማል፣ እየጎላ። ሌላ ምንም የለም፣ ዜማ እንኳን የለም። ከዚያ ፉጋው፣ ድምፆች አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ የሚገቡበት ሙዚቃ፣ ዜማው ተገልብጦ፣ ከሩቅ የመጣ ያህል ቀስ ብሎ ይጀምራል።

ሄለን፦ ምኑን ነው የምንሰማው?

ብሩክ፦ አሥሩን ቁጠሪያቸው። አንዳንዱ ስድስተኛው ላይ ጩኸቱን ይጨርስና የቀሩትን አራት የሚያደርሳቸው ቦታ ያጣል። አንዳንዱ ከአንደኛው አስበርግጎ ይጀምራል። ሁለተኛው ከአንደኛው፣ ዘጠነኛው ከስምንተኛው በጥቂቱ በልጦ፣ አሥረኛው ላይ የፒያኖው እንጨት ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ከሰማሽ፣ የዚያን ሰው ሳጥን ያዢ።