እናት እያላቸው «ወላጅ አልባ» የተባሉት ልጆች፦ የካምቦዲያ ማሳደጊያዎችና የበጎ ፈቃድ ጉዞ

[ምስል፦ ሲየም ሪፕ፣ ካምቦዲያ። ቱክቱክ (የእነሱ ባጃጅ) የሞላበት መንገድ።]

ሲየም ሪፕን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአንኮር ዋት ነው። ያ ግዙፍ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ቱሪስቱ ጎህ ሳይቀድ ይነሳና ፀሐይ በማማዎቹ ጀርባ ስትወጣ ያያል። እስከ ቀትር ሙቀቱ ልክ ያስገባዋል። ከሰዓት በኋላስ ምን ይሥራ? የቱክቱክ ሹፌሩ ሐሳብ አያጣም። ገበያ አለ፣ መታሻ ቤት አለ፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያም አለ።

አዎ፣ ማሳደጊያ። በአንድ ወቅት እዚያ ከተማ ልጆችን መጎብኘት እንደ አንድ የቱሪስት ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። ልጆቹ ባህላዊ ጭፈራ ያሳያሉ፣ እንግዳው ያጨበጭባል፣ መውጫው ላይ የገንዘብ ሳጥን አለ። ቆየት ማለት የሚፈልግ ደግሞ ለአንድ ለሁለት ሳምንት «በጎ ፈቃደኛ» ይሆናል። ለዚያውም ከፍሎ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

[ምስል፦ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ 2005 እና 2010]

በ2005 ካምቦዲያ ውስጥ 154 የሕፃናት ማሳደጊያዎች ነበሩ። በ2010 ግን 269 ደረሱ። በ5 ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ጨመሩ ማለት ነው። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ ምን መዓት ወረደባት? ጦርነት አልነበረም። ሕዝቡን የፈጀው የክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ድህነቱም እየቀነሰ ነበር። የጨመረው ቱሪስቱ ነው።

ዩኒሴፍ ከካምቦዲያ መንግሥት ጋር ሆኖ ጉዳዩን ሲያጠናው ሌላም ነገር ወጣ። ማሳደጊያ ውስጥ ከነበሩት ልጆች ከ4ቱ 3ቱ ገደማ ቢያንስ እናት ወይም አባት በሕይወት አላቸው። መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድራቸው ማሳደጊያዎች 21 ብቻ ነበሩ። የቀሩት በግለሰብና በድርጅት የተያዙ፣ ገንዘባቸው ከውጭ የሚመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ሰው ገጠር ይወርድና ደሃ ቤተሰብ ያነጋግራል። «ልጃችሁን ስጡን፣ ከተማ ይማራል፣ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ሦስቴ ይበላል» ይላል። የትኛው ወላጅ ነው ይህን ሰምቶ የማይፈተነው? እኛም አገር «ከተማ ወስጄ ላስተምርልህ» ተብሎ ስንት ልጅ ከቀዬው ወጥቷል። ልጁ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ «ወላጅ አልባ» ይባላል። ምክንያቱም የሚረዳው ፈረንጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣው ለወላጅ አልባ እንጂ ለደሃ ገበሬ ልጅ አይደለም።

ሁሉም ማሳደጊያ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ቅን ሰዎች የከፈቷቸው ሞልተዋል። ግን ቅኑም ሌባውም ቤት አልጋው እንዲሞላ ልጅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ሆን ተብሎ እንዲጎሳቆሉ ይደረጋል። ያደፈ ልብስ የለበሰ ልጅ ያየ እንግዳ ኪሱን ቶሎ ይፈታላ!

[ምስል፦ የተከፈተ የብረት በር። የልጆች ጫማ በረድፍ።]

አሁን ወደ ትንንሾቹ እንምጣ። እኔን በጣም የሚከነክነኝ የነሱ ነገር ነው።

በሩ ሲከፈት አንዲት የ3 ዓመት ልጅ ሮጣ መጥታ እግራችሁ ላይ ትጠመጠማለች። ስማችሁን አትጠይቅም። እጇን ዘርግታ እቀፉኝ ትላለች። ስታቅፏት ጭንቅላቷን ትከሻችሁ ላይ ጣል ታደርጋለች። አንጀት ትበላለች። «እንዴት ፍቅር የተራበች ልጅ ናት» ትላላችሁ። ፎቶ ትነሳላችሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወርዳ ሌላው እንግዳ ላይ ትጠመጠማለች።

እስቲ የእህታችሁን የ3 ዓመት ልጅ አስቡ። እንግዳ ቤት ሲመጣ ምን ታደርጋለች? እናቷ ቀሚስ ሥር ትወሸቃለች። «ሳሚያቸው እንጂ፣ ነውር ነው» ስትባል ጭራሽ ታለቅሳለች። ግማሽ ሰዓት አድፍጣ አይታችሁ፣ አንድ ብስኩት አቀብላችኋት፣ ከዚያ ነው ጠጋ የምትለው። እናቷ ታፍራለች፤ ነገር ግን ልጅቷ ጤነኛ ናት። የራሷን ሰው ከባዳ ለይታ ታውቃለች።

ማንም መንገደኛ ላይ የምትጠመጠመው ልጅ ግን ይህን ልዩነት የምትማርበት ዕድል አላገኘችም። ባለሙያዎች ይህን ባሕርይ የፍቅር ምልክት አይሉትም። ቋሚ ሰው በማጣት የሚመጣ ችግር ነው የሚሉት። አደገኛም ነው። ማንንም ተከትላ የምትሄድ ልጅ ክፉ ሰው ለማግኘት ሩቅ አትሄድም።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያስረዳው ነገር ይኸው ነው። ሕፃን ልጅ አንድ ወይም ጥቂት የራሱ ሰዎች ያስፈልጉታል። ለቅሶውን የሚለዩ፣ ማታም ጠዋትም የሚገኙ ሰዎች። እስቲ እንደምር። በአንድ ቤት በጎ ፈቃደኛው በየ2 ሳምንቱ ይቀየራል እንበል። በዓመት 26 ሰው ነው። ልጅቷ 3 ዓመት ብትቆይ 78 ሰው አቅፏት፣ አጫውቷት፣ «እወድሻለሁ» ብሏት፣ ሻንጣውን ጎትቶ ሄዷል ማለት ነው።

[ምስል፦ ቡካሬስት፣ የድሮ ሕንፃዎች]

ይህን ጉዳይ ዓለም በደንብ የተማረው ከሮማንያ ነው። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ በ1966 ሕዝቤ ይብዛልኝ ብሎ ፅንስ ማስወረድን ከለከለ። ሰዉ ሊያሳድገው ያልቻለውን ልጅ ለመንግሥት አስረከበ። በ1989 አገዛዙ ሲወድቅ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በየተቋሙ ተገኙ።

በ2000 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ላይ 136 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ። ትልቁ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው፣ ለጥናቱ ተብሎ ሠልጥነው ክፍያ ወደሚያገኙ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ። የቀሩት በተቋሙ ቀጠሉ። ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተሰጣቸው። የተቋሙ ልጆች አማካይ ውጤት 73 ገደማ፣ አሳዳጊ ቤተሰብ ያገኙት 81፣ ከመጀመሪያውም በወላጅ ቤት ያደጉት የሰፈር ልጆች ደግሞ 109 ሆነ። 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ከአሳዳጊያቸው ጋር የነበራቸው ትስስር ዘግይተው ከገቡት የተሻለ ነበር።

የካምቦዲያው ቤት ሮማንያ አይደለም በሉ፤ ልክ ናችሁ። ግድግዳው በቀለም ያሸበረቀ ነው፣ መጫወቻ አለ፣ ሳቅም አለ። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው። ሌሊት ባንኖ የሚያለቅስ ሕፃን ጋ የሚመጣው ተረኛ ነው። ተረኛው ደግሞ ይቀያየራል።

[ምስል፦ ባታምባንግ፣ የገጠር መንገድ]

ታራ ዊንክለር የምትባል አውስትራሊያዊት አለች። ወጣት ሆና ካምቦዲያ ሄደች። ልጆች የሚበደሉበት አንድ ማሳደጊያ አየችና ልጆቹን አውጥታ በ2007 ባታምባንግ በምትባል የካምቦዲያ ከተማ የራሷን ቤት ከፈተች። በሷ ቤት ልጆቹ በደንብ ይበላሉ፣ ይማራሉ። ቆይታ ቋንቋውን ስትለምድና ከልጆቹ ጋር በወጉ ማውራት ስትጀምር ግን አብዛኞቹ ቤተሰብ እንዳላቸው ገባት። ስለዚህ አሠራሯን ለወጠች። ልጆቹን ወደ ቤተሰብ መመለስና ቤተሰቡን መደገፍ ጀመረች። ይህንንም በአደባባይ ወጥታ ተናገረች። በስሟ ገንዘብ ይሰጡ ለነበሩ ሰዎች «የከፈትኩት ነገር መከፈት አልነበረበትም» ማለት ቀላል አይደለም።

ሕጉም ቀስ እያለ ተከተለ። የካምቦዲያ መንግሥት በ5 አካባቢዎች ከማሳደጊያ ልጆች 30 በመቶውን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ዕቅድ አወጣ። አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጆችን ለማሳደጊያ ንግድ መመልመል ጉዳይ ሆኖ ተነሳ። በ2019 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማሳደጊያ የሚደረግ ቱሪዝምና በጎ ፈቃድ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠቅሶ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ጠየቀ።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ዘግታለች። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያደጉ ልጆቻችን ደግሞ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር እንዲህ ላለ ጉዞ ይመዘገባሉ። አዲስ አበባ ውስጥም ልደቱን ማሳደጊያ ሄዶ የሚያከብር ብዙ ነው። ምሳ ማብላቱ ደግ ነው። የልጆቹን ፊት ፌስቡክ ላይ መለጠፉ ግን ምን አመጣው?

[ምስል፦ ስልክ ላይ የተከፈተ የጉዞ ማስታወቂያ]

«እኔ ግን ከፍያለሁ፣ ቲኬትም ቆርጫለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ላኪው ድርጅት ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ወላጅ አላቸው ወይ? ወላጅ መጥቶ ያያቸዋል? ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤቱ ተመለሰ? የእኔን የወንጀል ነፃ ማስረጃ ያልጠየቃችሁኝ ለምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ብቻውን ብዙ ይናገራል። አገራችሁ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ዘው ብላችሁ ገብታችሁ የሰው ልጅ ማቀፍ ትችላላችሁ? እዚያም መቻል የለባችሁም።

መልሱ ከተድበሰበሰ ሥራው እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። ነርስ ከሆናችሁ የአገሩን ነርሶች ማሠልጠን ይቻላል። የሂሳብ ሰው ከሆናችሁ ቤተሰብ የሚደግፍ ድርጅት መዝገብ ማስተካከል ይቻላል። እርግጥ ፎቶው ላይ አያምርም። ሙያ የሌለው የ18 ዓመት ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ቱሪስት ይሁን፤ ነውር የለውም። በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ሮምዴንግ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ችግር ውስጥ የነበሩ ወጣቶች ምግብ ማብሰልና መስተንግዶ ሲሠለጥኑበት የኖረ ቤት ነው። የተጠበሰ ትልቅ ሸረሪት በማቅረብ ይታወቃል። እሱ ለማይሆንላችሁ ዓሣም አላቸው።