ሰውየው «ደህና ነኝ» ካለ በኋላ

ድሬዳዋ ላይ ለባጃጅና ለሞተር አሽከርካሪዎች፣ ለነርሶችና ለቤተሰቦች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የድሬ ልጆች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ እዚያ ከሞተር ወደቀ እንበል። ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ «ደህና ነኝ አቦ» አለ። ቤቱ ገባ፣ ሻይ ጠጣ፣ አወራ። ከሰዓታት በኋላ ራሱን ይፈልጠው ጀመር። አስመለሰው። እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። «ደክሞታል፣ ይተኛ» ተባለ።

እባካችሁ፣ ያን ጊዜ ይዛችሁት ሩጡ! ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ከዓይን ጎን ያለው አጥንት ስስ ነው። ከሥሩ የአንጎልን ሽፋን የሚመግብ ደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደም ቅዳው ሊበጠስ ይችላል፤ ደሙም እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫናል። ሲቲ ስካን የሚባለው የራስ ምርመራ ያሳየዋል። ራስ ቅሉ ተከፍቶ ደሙ በጊዜ ከወጣ ብዙ ሰው ይድናል።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። አንዳንዴ ደም ቅዳው አይበጠስም፤ ግድግዳው ብቻ ይቀደዳል። ጎማ ተቀዶ ከመነዳሪው በቀዳዳው ሲያብጥ አይታችኋል? ነገሩ እንደዚያ ነው፤ ግን እዚህ ጋ ከመነዳሪ እንኳን የለም፤ ደሙን የያዘው የረጋ ደምና ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ከአደጋው በኋላ ባሉት 2 ወይም 3 ሳምንታት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው እብጠት ብዙ አያጋጥምም፤ ሲፈነዳ ግን ብዙ ይገድላል።

ይህንን ተራው ሲቲ ስካን ሊያልፈው ይችላል። በክንድ ደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ አንጂዮግራፊ ያስፈልጋል። ጥርጣሬው ካልጠራ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ቀለም ተረጭቶ፣ በኤክስሬይ ይታያል። የአንጎልን ደም ሥሮች በቀለም ማየት የጀመረው ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው፤ በ1927 እ.ኤ.አ.። ዛሬ በዚያው ቱቦ ሕክምናም ይሰጣል፤ እብጠቱ በቀጭን የብረት ጥቅል ወይም ስቴንት በሚባል ደም ሥር ውስጥ በሚገባ የመረብ ቱቦ ይዘጋል።

ነርሶች፣ አሁን ለእናንተ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ዓይኑ ቀልቶ፣ ወደ ውጭ ተገፍቶ፣ አንዱን ሁለት እያየ ይመጣል። ጆሮዬ ውስጥ ሽው ሽው ይለኛል ይላል። ዓይኑን አስጨፍናችሁ ስቴቶስኮፓችሁን የዓይኑ ቆብ ላይ በቀስታ አስቀምጡ። ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ድምፅ ከሰማችሁ የዓይን ጠብታ ሰጥታችሁ አትሸኙት። ከዓይን ጀርባ ደም ቅዳው ተቀዶ ደሙን ወደ ደም መልስ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ዝም ከተባለ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ድምፁ ባይሰማም ምልክቶቹ ካሉ ላኩት። ሪፈር ሲጻፍ ቤተሰብ «ዓይኑ ብቻ ነው» ብሎ እንዳይዘገይ አስረዱልን።

ከአደጋ ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ነስርም እንደዚሁ ነው። ጥጥ ወትፎ ቤት መቀመጥ አይሆንም።

ሌላም አለ። የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ሲላጥ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። የሃያ ዓመት ልጅ በስትሮክ እጁ ሲዝል፣ አፉ ሲጣመም ሰው «መተት ነው» ይላል። አደጋውን አስታውሱ! ሐኪም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፕሪን ወይም ሄፓሪን ሊያዝ ይችላል። በራሳችሁ ግን አትስጡት፤ ውስጥ የሚደማ ካለ ያባብሰዋል።

አሽከርካሪዎች፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። የተጎዳ ሰው ስታነሱ ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ራሱን ስቶ ነበር? ስንት ደቂቃ? ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውሃ ወጥቷል? ጤና ተቋም ስትደርሱ ያንን ሳትነግሩ አትመለሱ። እኛ ቀለም ያለው ምርመራ ይደረግ ወይስ አይደረግ ብለን የምንወስነው ከእናንተ በሰማነው ነው።