የተደፈነው ቀዳዳ፦ የአባቴ ዲኤክስ ውሃ የት ይሄድ ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሞተሯ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጎድል ስለኖረው ውሃ። መኪናዋ አባቴ በ1986 ዓ.ም. ከሰው እጅ የገዟት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ ፎር ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ የሆነው ነው፤ ኮፈኗ ሲከፈት ከሞተሩ ግራና ቀኝ እጅ እንደ ልብ የሚገባባት ስለሆነች፣ ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው በግቢው ውስጥ ሊጠግናት ይችላል።

ስለ ሞተር ውሃ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የዓባይ በረሃ ነው። ልጅ ሳለሁ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ረጅም ዳገት ስንያያዘው የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። አባቴ መኪናዋን ዳር አስይዘው ሞተሩን ያጠፉና፣ እኛ ልጆቹ ወደ ጥላ ሄደን እንድንቀመጥ አዝዘው፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን ሳይነኩ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጨርቅ ጣል አድርገውበት ክዳኑን የሚከፍቱትና ከኋላ ከማትለየው የ5 ሊትር ጀሪካን ውሃ የሚሞሉት። ያን ትዕግሥታቸውን ዛሬም አከብረዋለሁ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ቸኩሎ የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን በእንፋሎት ሊቃጠል ይችላልና።

ያ ግን የዳገት ሙቀት ነበር። የቅርቡ ነገር የተለየ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት አባቴ በየማለዳው፣ መኪናዋ ሌሊቱን ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ፣ ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ውሃ ይጨምሩ ነበር። ይህ ውሃ የመጨመር ሥራ ከጊዜ ብዛት እንደ ቁርስ የቀኑ አንድ ክፍል ሆነና ማናችንም የት ይሄዳል ብለን መጠየቅ ተውን። በመካከሉ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥ ሄዳለች። መጀመሪያ የታችኛው ማኒኮቶ (ውሃው የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ) ተቀየረ፤ ቀጥሎ ራዲያተሩ ወርዶ ተበየደ፤ በሦስተኛው ጊዜ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አልቀረም፣ ቴስታታው ይውረድ ተባለ። ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ከዚያ በፊት እኔው ራሴ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሰጥቼ ልመርምራት ብዬ አባቴን አስፈቀድሁ።

የጀመርሁት በጣም የሚያሰጋውን፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መቃጠል፣ በማጣራት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ አየሁት፤ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት የማኪያቶ መልክ አልያዘም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሣሁት፤ ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ የለም። ከጭስ ማውጫውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ነጭ ጭስ አልነበረም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቴስታታውን መቶ በመቶ ነፃ ባያወጣውም፣ ሌላውን ሁሉ ሳላይ እንዳልነካው በቂ ምክንያት ሆነኝ።

ሌሊቱን ከመኪናዋ ሥር ሰፊ ካርቶን ዘረጋሁ፤ በካርቶኑም ላይ የፊት ጎማዎቹና ራዲያተሩ የሚያርፉበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ጠዋት እርጥበቱ የተገኘው በራዲያተሩ ሥር ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ባለሙያዎች ያሳሳታቸው ይህ ይመስለኛል። ውሃ በሚፈስበት ቦታ አይንጠባጠብም፤ ብረቱን ይዞ፣ ቱቦውን ተከትሎ ይሄድና ዝቅ ያለ ጫፍ ሲያገኝ ይወድቃል። ስለዚህ ቀጥሎ የሞተሩን ፊት፣ ማኒኮቶዎቹን፣ የራዲያተሩንም ጀርባ በጨርቅ አደረቅሁና ለሕፃናት የሚሆነውን ነጭ ፓውደር ስስ አድርጌ ነፋሁባቸው። ሞተሩን ለ10 ደቂቃ ያህል አስነሥቼ ካጠፋሁት በኋላ፣ በስልኬ መብራትና በትንሽ መስታወት እየታገዝሁ ከታች ወደ ላይ መፈለግ ጀመርሁ።

ፓውደሩ ላይ የውሃ ፍንጣቂ በዙሪያው ተረጭቶ አየሁ፤ በማኒኮቶው ላይ፣ በራዲያተሩ ጀርባ፣ በኮፈኑ ውስጠኛ ፊት ጭምር። እንዲህ በክብ የሚረጭ ነገር ከሚሽከረከር አካል ብቻ ሊመጣ ይችላል። በዚህች መኪና ላይ ማራገቢያው የተገጠመው ውሃውን በሞተሩ ውስጥ በሚያዘዋውረው በራሱ በውሃ ፓምፑ ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ የማራገቢያውን ክንፎች ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝኋቸው፤ ዘንጉ በግልጽ ይላወስ ነበር። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በማንኛውም የዚህ ዓይነት የውሃ ፓምፕ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከቀዳዳዋ በአንድ ወገን ውሃውን የሚያግደው ማገጃ፣ በሌላው ወገን ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ ይገኛል። ማገጃው ሲያረጅ ሾልኮ የሚያልፈው ውሃ ወደ ኩሽኔታው ከመድረሱ በፊት በዚያች ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲንጠባጠብ ታስቦ የተሠራች ናት። ጠብታዋ ለባለቤቱ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሳይበላሽ ቀይሩኝ የሚል። እኔም በመስታወቱ ይህችን ቀዳዳ ፈለግሁ። በብረት ማጣበቂያ ተደፍናለች።

ማን እንደደፈናት አላውቅም፤ ክፋት አስቦ ያደረገው ነውም አልልም፤ ጠብታ አይቶ ጠብታውን ያቆመ ሰው ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መውጫ ያጣው ውሃ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ቅባቱን አጠበው፤ ከዚያም በዘንጉ ጫፍ ወጥቶ በማራገቢያው እየተበተነ በየቦታው ተረጨ። አንድ ቦታ ላይ ይታይ የነበረው ጠብታ በዚህ ምክንያት የትም ቦታ የሌለው እርጥበት ሆነ። ይህን ሳስብ የምር አዘንሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሳሹን ስንፈልግ የኖርነው መጠቆሚያው ስለተዘጋብን ነው።

አዲሱን ፓምፕ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አመጣሁ፤ ከመግዛቴ በፊት የቡሎን ቀዳዳዎቹን ካርቶን ላይ ከሣልሁት የአሮጌው ልክ ጋር አስተያየሁ፣ ዘንጉንም በእጄ አሽከርክሬ ሞከርሁት። እሑድ ማለዳ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ባትሪውን ፈታሁ፣ ውሃውን በሳፋ ቀዳሁት፤ ሻይ የመሰለ የዝገት ውሃ ነበር። ዲናሞውን አላልቼ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ አወጣሁ፤ ማራገቢያውም ወረደ። የፓምፑ ቡሎኖች ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ እያንዳንዱን በካርቶኑ ላይ በየቦታው ሰካሁት። አንደኛው ቡሎን አልፈታም ብሎ ነበር፤ ሳላስገድደው ናፍጣ ነክሬ ምሳ በልቼ ስመለስ በቀስታ ተፈታ። አስገድጄው ቢሰበር ኖሮ የቀኑ ሥራ ወደ ሳምንት ይሄድ ነበር። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት ፊቱን ሳልጭር መፋቅ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበት ፊት ንጹሕ ካልሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና።

በዚያው አጋጣሚ የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን በር፣ ቤት ከፈትሁና ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሞተር እንዳይሞቅ ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በከተማችን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም፤ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ለመድረስ ይዘገያል፣ ቤንዚንም ያባክናል። በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር አዲስ ገዝቼ በድስት ውሃ ውስጥ ሞከርሁት። የአዲስ አበባ ውሃ ከፍታችን በፈጠረው ምክንያት በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ቴርሞስታቱ በድስት ውስጥ እስከ መጨረሻው ባይከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ መከፈት መጀመሩ ይበቃል።

ይኸው ከፍታ የራዲያተር ክዳንንም ጉዳይ ያከብደዋል። የእኛው ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ፤ ውስጡን ከአየሩ በላይ ወደ 0.9 ባር በሚጠጋ ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ይህ ግፊት ካለ ንጹሕ ውሃ እንኳ በእኛ ከተማ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን መፍያው ወደ 92 ይመለሳል። የአባቴ ክዳን ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር እሱንም ቀየርሁት።

በመጨረሻ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከባትሪ ውሃ፣ ማለትም አሲድ ከሌለበት የተጣራ ውሃ፣ ጋር እኩል ደባልቄ ሞላሁ። እዚህ አገር ውሃ ሞተር ውስጥ በረዶ አይሠራም በሚል ኩላንት እንደ ቅንጦት ይታያል፤ ነገር ግን ዝገትን የሚከላከለውና የፓምፑን ማገጃ ዕድሜ የሚያረዝመው እሱ ነው። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነም ትራፊውን ልጅና ውሻ ከማይደርስበት አኑሩት። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጌ፣ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፌ፣ ክዳኑን ከፍቼ አስነሣኋት፤ የላይኛው ማኒኮቶ ሞቆ አየሩ እስኪወጣ ድረስ እየጨመርሁ ጠበቅሁ።

በማግስቱ ወደ እንጦጦ ወጣን። መርፌው ከመካከል አላለፈም። አባቴ መንገዱን ሳይሆን መርፌውን ሲያዩ ነው የወጣነው። ቤት ስንመለስ አሮጌውን ፓምፕ አንሥተው ማጣበቂያውን በጥፍራቸው እየነኩ፣ «ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ አንድ ጊዜ ከጋራዥ ስትመለስ ጠብታው ለሁለት ሳምንት ያህል ቆሞ እንደነበረ፣ በዚያም በጣም ደስ ብሏቸው እንደነበር አስታወሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተረፈው አየር ሲወጣ ትንሽ ጎድላ ሞላኋት፤ ከዚያ ወዲህ መጠባበቂያው ጠርሙስ ላይ ካሰመርሁት መስመር አልወረደችም። የማሞቂያው ቀጭን ማኒኮቶ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ የፊታችን ቅዳሜ እሱን እቀይራለሁ። ጀሪካኗ አሁንም ከኋላ አለች፤ ለፋሲካ ወደ ደጀን እንሄዳለን፣ አባቴም ያለ እሷ ዓባይን አልወርድም ብለዋል።