ሁለት ቶን ተኩል ገንዘብና አንድ ጓንት

ክቡራትና ክቡራን፣ የልቦለድ ወዳጆች፣

አስቂኝ የወንጀል ልቦለድ ልጽፍ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ቀልድ ፍለጋ ሲገባ ነው። ቀልዱ ይቆየን። በአንድ ገጽ ላይ የዘረፋውን ዕቅድ ጻፉ፤ ከነሰዓቱ፣ ከነዕቃው፣ ከነክብደቱ። በየተግባሩ ትይዩም የሠሪውን ስም አስፍሩ።

እንግሊዞች ጥሩ ማስተማሪያ ትተውልናል። ነሐሴ 2 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከግላስጎ ወደ ለንደን የሚሄደውን የፖስታ ባቡር ዘራፊዎች ያስቆሙት በጓንት ነው። አረንጓዴውን መብራት በጓንት ሸፈኑት፤ ቀዩን በባትሪ አበሩት። አለቀ። አንባቢ እዚህ ላይ ሳያውቀው ከሌቦቹ ጋር ይወግናል።

ባቡሩን ገንዘቡ ወደሚወርድበት ድልድይ እንዲያደርስላቸው ግን ጡረታ የወጣ ነጂ ይዘው መጥተው ነበር። ሰውዬው ያን ዓይነቱን ሎኮሞቲቭ ማንቀሳቀስ አቃተው! የባቡሩን ነጂ ራሱን ከመቱት በኋላ መልሰው አስነዱት። እዚህ ላይ ጸሐፊ ይጠንቀቅ፤ ነጂው ከዚያ ወዲያ ሙሉ ጤናው አልተመለሰም። ሳቁ በጡረተኛው ላይ ይሁን።

ገንዘቡ 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ 120 ጆንያ፣ ሁለት ቶን ተኩል ያህል። ክብደቱን የማይጽፍ ደራሲ ትልቁን ሳቅ ይጥላል፤ ከሥራ ለመገላገል የተነሣው ሁሉ ሌሊቱን ወዛደር ሆኖ ጆንያ ሲቀባበል ታገኙታላችሁ።

ሲሄዱ የፖስታ ሠራተኞቹን «ለግማሽ ሰዓት እንዳትንቀሳቀሱ» አሏቸው። ፖሊስም መደበቂያው ከግማሽ ሰዓት የመኪና መንገድ እንደማይርቅ ገመተ። መደበቂያቸው የነበረው እርሻ ቤት ሲገኝ ሞኖፖሊ የተባለው የገበታ ጨዋታቸውና የኬችአፕ ጠርሙሱ ላይ የጣት አሻራ ነበር። ቤቱን እንዲያጸዳ የተመደበው ሰው አላጸዳውም።

ጡረተኛውን ነጂ ያመጣው ሮናልድ ቢግስ አናጺ ነበር። ከእስር ቤት አምልጦ፣ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስቀይሮ፣ በሐሰት ስም አውስትራሊያ ገባ። እዚያም በአናጺነት ሠራ። እንዲህ ያለውን ከራሱ ፈጥሮ የጻፈ ደራሲ «አጋነንክ» ይባል ነበር።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ገጻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ «ቤቱን ማጽዳት» ከሚለው ትይዩ የማን ስም እንደጻፋችሁ እናያለን።