አስወጡን እንጂ አልሸኙንም

(መስከረም 19፣ በዓለም የልብ ቀን፣ ጎንደር ላይ ለእድርተኞችና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እድርተኞች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሥራ ገበታችሁ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ዶክተሮችና ሲስተሮች፤ እንደምን አደራችሁ። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ።

ስለ ልብ ጤና በጠቅላላው እንድናገር ነበር የተጋበዝኩት። ስለ ጨው፣ ስለ ስብ ጽፌ ነበር። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየው ሌላ ነው። እሱን ሳልናገር ብቀመጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወንድሜን ታውቁታላችሁ። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ይመጣ የነበረ ሰው ነው። አንድ ቀን ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር መዘጋት ነው ተባለ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። በእጁ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ የተዘጋውን ከፈቱለት፣ ስቴንት የሚባል፣ የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። እጃቸው ይባረክ! በሦስተኛው ቀን «መውጣት ትችላለህ» አሉት።

ጠያቂው ቤቱን ሞላው። «እግዚአብሔር ይማርህ» ካለ በኋላ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው። «ስንት ቀን ተኛህ?» «ሦስት።» «እሰይ! ቀላል ነበር ማለት ነው።» እኛም አመንን። ከሁሉ በላይ እሱ ራሱ አመነ። አያችሁ፣ እኛ አገር የበሽታ ክብደት የሚለካው በተኙበት ቀን ነው። ሦስት ቀን ብቻ የተኛ ሰው ልቡ ቆስሎ እንደመጣ፣ ቁስሉ ለመጠገን ሳምንታት እንደሚፈልግ ማን ይጠረጥራል?

መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ መጣ። አንድ የመውጫ ወረቀትም ነበረው። አራት ቦታ አጥፎ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ሰካው። የአንድ ወር መድኃኒት ነበር። አለቀ። «ጨረስኩ፣ ተመስገን» አለን። ባዶውን እሽግ ጣለው። መድኃኒት ለእኛ ሲያልቅ ያለቀ ነው፤ የሳንባ ምቹንም የታይፎይዱንም እንደዚያ ነው የጨረስነው።

ክሎፒዶግሬል የሚባለው ኪኒን ግን ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይጠብቃል። ከአስፕሪን ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይወሰዳል። አስፕሪኑ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ወንድሜ ባቆመ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ላይ፣ ስቴንቱ ተደፈነ። በባጃጅ ነው ያደረስነው። በጉልበቴ ላይ ጭንቅላቱን ይዤ፣ ላቡ ቀሚሴን አርሶት።

ከሥዕሉ ጀርባ ያንን ወረቀት ያወጣሁት በማግስቱ ነው። «12 ወር» ይላል። በእንግሊዝኛ፣ በሐኪም እጅ ጽሑፍ። መምህር ነኝ፤ ገልጬ ባየው ማንበብ እችል ነበር። አላየሁትም። ይህ ጸጸት የእኔ ነው፣ ይዤው እኖራለሁ። ግን ያንን አንድ መስመር በአማርኛ፣ በአፉ የነገረው ሰው ለምን ጠፋ?

ልብ በሉ፣ ቶሎ መውጣቱን አልቃወምም። እ.ኤ.አ. በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸው ሲታመም ሰባት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ቆይተዋል። ያን ጊዜ የተዘጋውን የሚከፍት አልነበረም። ዛሬ አለ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያም ደም ሥሩ የተከፈተለት፣ ሌላ አደጋ የማያሰጋው ሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወጣ ይሆናል ይላል። ግን አንድ «ከሆነ» ጨምሮበታል፤ ማገገሚያና ክትትል የተዘጋጀለት ከሆነ! ሦስት ቀኑን ወሰድን። «ከሆነ»ውን ማን በላው?

ጎንደሬዎች ነን። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ሲወጣ ከወንበር ላይ ሆነን «ደኅና ሁን» አንልም። በር እንከፍታለን። ደጅ ድረስ እንወጣለን። ከመሸም መብራት ይዘን መንገድ እናስይዛለን። ታማሚ ከእንግዳ ያንሳል? ወንድሜን አስወጡት እንጂ አልሸኙትም! ሌላው በሽተኛ ደባርቅ ነው የሚገባው፣ ጭልጋ ነው የሚገባው። እሱንስ ማን ነው የሚሸኘው?

ዶክተሮች፣ ሲስተሮች፤ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። የምለምናችሁ አሥር ደቂቃ ነው። በሽተኛውን አስቀምጡት፤ ከጎኑ አስታማሚውን። የትኛው ኪኒን ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ በአማርኛ ንገሩት። ከዚያ «እስቲ አንተ መልሰህ ንገረኝ» በሉት። እኔ ተማሪዬ እንደገባው የማውቀው መልሶ ሲነግረኝ ነው። ቀጠሮውን ቀን ቆርጣችሁ ስጡት። ስልክ ጻፉለት።

እድርተኞች፤ ልትጠይቁ ስትሄዱ «ስንት ቀን ተኛህ?» አትበሉ። «መድኃኒትህ መቼ ያልቃል?» በሉ። በጾም ኪኒን የሚዘል ካለ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ የወንድሜ «መድኃኒትህን ዋጥ» ነው ያሉት። ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ፣ በእግራችሁ ሂዱ። ይህን ሌሎቹ ተናጋሪዎች በደንብ ይነግሯችኋል።

ወንድሜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ፎቅ መውጣት ስለማይችል ነው ስብሰባው ምድር ቤት የሆነው። ወረቀቱን ኪሱ ይዞት መጥቷል። ስንወጣ ጠይቁት፣ ያሳያችኋል።